ጀማን የማያሻግር መድኃኒት

«ለእናትህ እንዳትነግራት» አሉ መሪጌታ ወልደ አማኑኤል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር፤ ነገር ግን ሁለቱን ክፍሎች የሚለያቸው ግድግዳ ኮምፔንሳቶ ነውና እንኳን ሹክሹክታ ትንፋሽም ያሳልፋል። «እሺ የኔታ» አለ መልከ ጼዴቅ። ሙሉመቤት ከግድግዳው ወዲህ፣ ነጠላዋን ከምስማሩ ለማውረድ እጇን እንደዘረጋች ደርቃ ቀረች። ከታመመች ወዲህ የሚደበቅባት ነገር በዝቷል፤ ጎረቤቱም ዘመዱም እሷን ሲያይ ወሬ ይቀይራል፤ ነገሩ ይኸው ብቻ ቢሆን ሰምታ እንዳልሰማች ታልፈው ነበር። ያስደነገጣት የሁለቱ መስማማት ነው። ታላቅ ወንድሟና ልጇ በአንድም ነገር ተስማምተው አያውቁም። መልከ ጼዴቅ ፊደል የቆጠረው፣ ዳዊት የደገመው መንዝ ዘመሮ ሄዶ ከአጎቱ ጉልበት ሥር ነው፤ ኋላ ግን ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ ከዚያም አልፎ ቻይና ድረስ ሄዶ የመድኃኒት ቅጠል በኮምፒውተር መመርመር የሚባል ነገር ይማራል። «የኔታ» ማለቱን አልተወም እንጂ በልቡ አጎቱን ቅጠል በጣሽ እንደሚላቸው እናቱ ታውቃለች። እሳቸውም ቢሆኑ «ልጅሽ ሜዳው ላይ የበቀለውን ትቶ ሳጥን ውስጥ ቅጠል ይፈልጋል» እያሉ ሲያሾፉበት ነው የኖሩት። አሁን ግን ወንድሟ ከመጡ ጀምሮ ሁለቱ ጋቢ ለጋቢ ተነካክተው፣ ያቺን ላፕቶፕ መሐል አስቀምጠው ያንሾካሹካሉ። እሷ ስትገባ ዝም ይላሉ።

ነጠላዋን ለብሳ ወደ እነሱ ክፍል ስታልፍ ልጇ ላፕቶፑን ከደነ፤ መሪጌታም የቆዳ ኮሮጇቸውን አፍ በጠፍሩ አሰሩ። መደርደሪያው ላይ፣ ከብርጭቆዎቹ ጎን፣ በነጭ ጨርቅ አፉ የታሰረ ማሰሮ ተቀምጧል። ከትናንት ጀምሮ ሰባት ዓይነት ቅጠል በማር ውሃ ተዘፍዝፎበታል። ዛሬ እህል ውሃ ሳትቀምስ ውላ ፀሐይ ስትጠልቅ ልትጠጣው ነው። ከጠጣች በኋላ ደግሞ ሕግ አለው፦ መድኃኒት በሆዱ የያዘ ሰው ሁለት ሳምንት ወንዝ አይሻገርም፤ ከተሻገረ መድኃኒቱ ይረክሳል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የሆስፒታሉ ቀጠሮ ከነገ ወዲያ ሐሙስ ነው፣ ሆስፒታሉ አዲስ አበባ ነው፣ ከዓለም ከተማ አዲስ አበባ ለመሄድ ደግሞ የጀማን ወንዝ መሻገር የግድ ነው። ነገ ጎሕ ሲቀድ አውቶቡስ አለ፤ መንገዱም ለብዙ ጊዜ ሲዘጋ ሲከፈት ከርሞ በዚህ ሳምንት ክፍት ነው። ማሰሮው ከተጠጣ አውቶቡሱ ቀረ፤ አውቶቡሱ ከተያዘ ማሰሮው ቀረ። ሐኪሟ «ይሄ እብጠት ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ከዚህ በላይ አታቆዪው» ብላታለች።

እውነቱን ለመናገር የሙሉመቤት ልብ ወደ ማሰሮው ነበር። ሐኪሟ ጎበዝ ልጅ ናት፣ እጇንም ይዛ ነው የነገረቻት፤ ግን የነገረቻት ጡቷ እንደሚቆረጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ገላዋን ስትታጠብ ዓይኗን ጨፍና ነው። ደግሞም አምና በጥቅምት ልጇ ከቻይና ደውሎ፣ በደስታ ቃላቱ እየተጋጩበት፣ «እማዬ፣ የጥንት የቻይና ቅጠሎች ካንሰርን እንዴት እንደሚያክሙ አገኘን» ያላት ጆሮዋ ላይ አለ። የቻይና ቅጠል ካዳነ የመንዝ ቅጠል ምን ያንሰዋል ብላ ነው የመጀመሪያውን ቀጠሮ የተወችው። ይህንን ለማንም አልተናገረችም። ለልጇም «ሆስፒታሉ አራዘመው» ብላዋለች። እንግዲህ በዚያ ቤት የሚደብቁት ሁለቱ ብቻ አልነበሩም።

«ሱቅ ልትከፍቺ ነው? ዛሬ እንኳ ብታርፊ ምናለ» አሉ መሪጌታ፣ ዓይናቸውን ከኮሮጆው ሳያነሱ።

«ከተቀመጥኩ ይርበኛል ጋሼ፤ ሥራ ያስረሳል» ብላ ወጣች።

ሱቋ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች አንድ በር ክፍል ናት። የስፌት መኪናዋ በሩ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ብርሃንም ወሬም የሚገባው በዚያ ነው። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልብስ፣ አልፎ አልፎም የሙሽራ ካባ ትሰፋለች። ያበጠው በቀኝ በኩል ስለሆነ መቀስ ስትይዝ እስከ ክንዷ ይወጋታል፤ ስለዚህ መቁረጡን በግራ እጇ ለምዳለች። የዛሬው ገበያ ደብዘዝ ያለ ነው። ክር እንደገና ጨምሯል፣ ቁልፍ በደርዘን መሸጥ ቀርቶ በፍሬ ሆኗል፣ ገበሬውም ጨርቁን ዳስሶ ዋጋውን ይሰማና ወደ እህል በረንዳው ያልፋል። ከጎኗ ጨውና በርበሬ የምትሸጠው ገበያነሽ የሚሰፋ ቀሚስ ይዛ መጣች። ቀሚሱ ሰበብ መሆኑ ያስታውቃል፤ ትንሽም ቦታ አልተቀደደም።

«ሙሉዬ፣ ልጅሽ ከቻይና መድኃኒት ይዞ መጣ የሚሉት እውነት ነው?»

«ማነው የሚለው?»

«ሰው ነዋ። መሪጌታም ስለዚሁ ነገር ከዘመሮ ድረስ ተጠርተው መጡ አሉ። መጀመሪያ አንቺ ላይ ይሞክረውና ከዳንሽ ለመንግሥት ሊሸጠው ነው ይላሉ። እኔስ አላመንኩም።» ገበያነሽ ቀሚሱን አጥፋ እንደገና ዘረጋችው። «ብቻ ከዳንሽ ለእህቴ ልጅ ትንሽ አስተርፊልኝ።»

ሙሉመቤት ለወጉ ያህል ፈገግ አለች። ገበያነሽ ከሄደች በኋላ ግን ነገሩ አልለቃት አለ። የስፌት መኪናውን እየረገጠች የቀናቱን ነገር አንድ በአንድ አነሳች። ልጇ ዕረፍት አለኝ ብሎ መጣ፤ እሺ። መጥቶ ግን «ቀጠሮሽ መቼ ነው» ከማለቱ በፊት «የኔታ ይመጣሉ?» አለ። ወንድሟ የቅጠሎቻቸውን ስም ለገዛ ሚስታቸው እንኳ ነግረው አያውቁም፤ ቅጠል ሲለቅሙ ጥላቸውን የሚያይ ሰው አይወዱም። አሁን ግን ልጇ ቅጠሉን እያገላበጠ ፎቶ ሲያነሳ አይታለች፤ እሳቸውም ጎን ተቀምጠው ስም ሲነግሩት ሰምታለች። ሠላሳ ዓመት የተቆለፈ አፍ በነጻ አይከፈትም። እሱ ስሙን አገኘ፤ እሳቸውስ ምን አገኙ? በመሐል እሷ አለች። የሁለቱንም ነገር ያገናኘው የእሷ በሽታ ነው፣ እሷ ባትታመም ኖሮ ሁለቱም አንድ ገበታ ላይ አይቀመጡም ነበር። ይህ ሐሳብ ሲመጣባት መርፌው ጨርቁን ስቶ ሄደ።

እኩለ ቀን ላይ መልከ ጼዴቅ ላፕቶፑን ታቅፎ መጣ። ቤት በኩል መብራት ስለሄደ ሱቋ ውስጥ ባትሪ ሊሞላ ነው። ሶኬቱን ሰክቶ ሲቀና እናቱ የበሩን አንድ ክንፍ ዘግታ ጠበቀችው።

«ተቀመጥ እስቲ። ያንን ስትከድኑብኝ የከረማችሁትን አሳየኝ።»

ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠና ከፈተላት። በክቦች የተሞላ ሥዕል ነው፤ ከአንዱ ክብ ወደ ሌላው ቀጫጭን መስመሮች ተወጥረዋል፤ አንዳንዱ ክብ ጋ መስመሩ በዝቶ ጠቁሯል። መቀሷን አስቀምጣ ጎንበስ ብላ አየችው። የተተበተበ ክር ነው የሚመስለው። ልጇም ክር እያለ ነበር ያስረዳት፤ ምናልባት የሚቀርባትን ቋንቋ መፈለጉ ነው። ቻይናዎች የጥንት የመድኃኒት መጻሕፍት አሏቸው አላት። በየቅጠሉ ውስጥ ምን ምን ንጥረ ነገር እንዳለ ሰው አጥንቶ ጽፎታል፤ ያ ንጥረ ነገር ሰውነት ውስጥ ምን እንደሚነካ፣ ካንሰሩስ በምን በምን እንደሚያድግ ሌላው ጽፎታል። ኮምፒውተሩ ይህን ሁሉ አንብቦ ከቅጠሉ ወደ ንጥረ ነገሩ፣ ከንጥረ ነገሩ ወደ በሽታው ክር ይዘረጋል። ብዙ ክር የተገናኘበት ቦታ ላይ ‹ምናልባት እዚህ ጋ ፈልጉ› ይላል።

«ምናልባት» አለች።

«አዎ፣ ምናልባት።»

«ከዚያ ለበሽተኛ ሰጣችሁት?»

«ኧረ አልሰጠንም። ሰው የለበትም እማዬ። አይጥም የለበትም። ስሌት ብቻ ነው። ማዳን አለማዳኑ ገና ብዙ ዓመት ይፈተሻል።»

ሙሉመቤት ጠረጴዛው ላይ የወደቀ ቁራጭ ክር አንስታ በጣቷ ታጠቀልለው ጀመር። «አምና ደውለህ ‹አገኘን› ያልከኝ ይሄንን ነው?»

«ይሄንን ነው።»

«እኔ ሰው የዳነ መስሎኝ ቀጠሮዬን ተውኩት።»

መልከ ጼዴቅ ቀና አለ። «ሆስፒታሉ ነው ያራዘመው አላልሽኝም?»

«ዋሽቼህ ነው።»

ልጁ ላፕቶፑን ሊከድን ሞከረ፣ ተወው፣ ከዚያ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ቆየ። ሙሉመቤት አዘነችለት፤ ተናደደችበትም። የትኛው እንደሚበልጥ ለራሷም አልለይላት አለ። እሱን ሳይሆን የእሱን ደስታ ነበር ያመነችው፤ ያ ደስታ ደግሞ የፈተና ውጤት እንዳመጣ ልጅ ደስታ እንጂ የተረፈ ሰው እንዳየ ሰው ደስታ አልነበረም። ጊዜው ሄዷል፤ አሁን የጠዋቱን ነገር ማወቅ አለባት።

«እንዳልሰማ የተባለው ምንድነው?»

«ለየኔታ እሺ ብያለሁ።»

«እሺ ስትል ሰምቻለሁ። ግድግዳው ኮምፔንሳቶ ነው።»

ያኔ ነገራት። የነገራት ነገር ግማሹ እሷም የምታውቀው ነው። አባቷ አለቃ ገብረ አማኑኤል ቅጠል ሲለቅሙ የሚያይ ዓይን አይጠፋም ብለው መድኃኒቱን ብቻ አይለቅሙም ነበር፤ ሰው እንዳይለይባቸው ከመንገዱ ያገኙትን ሌላ ሌላውንም ይጨምራሉ። የመንዝ መድኃኒት አዋቂ ሁሉ እንደዚያ ነው። በልጅነቷ ተደብቃ ስትከተላቸው ጦስኝ እንኳ ሲቆርጡ አይታ ገርሟታል። ለወንድሟ ሰባቱንም አስተማሯቸው፤ «እውነተኛው የትኛው እንደሆነ ልሞት ስል እነግርሃለሁ» አሏቸው። ሊሞቱ ሲሉ ግን ምላሳቸው ተያዘ። ሙሉመቤት ያን ቀን አልጋው ራስጌ ነበረች። አባቷ እጃቸውን ወደ ኮሮጆው ሲያነሱ ሁሉም ውሃ ፈለጉ ብሎ አሰበ፤ ቅሉን ያቀረበችላቸውም እሷው ናት። እንግዲህ መሪጌታ ወልደ አማኑኤል ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰባቱንም እየቀላቀሉ ሲሰጡ ኖረዋል። የዳነም አለ፣ ያልዳነም አለ። የትኛው መድኃኒቱ፣ የትኛው ማደናገሪያው እንደሆነ ግን አያውቁም።

«ስሞቹን የሰጡኝ ኮምፒውተሩ እንዲለይላቸው ነው» አለ መልከ ጼዴቅ። «ለይልኝ፣ ከለየልኝ ለእህቴ እሱን ብቻ አጠንክሬ እሰጣታለሁ አሉኝ።»

«ለየላችሁ?»

«ጦስኝ ነው ያለው።»

«የሻይ ጦስኝ?»

«ጦስኝን ብዙ ሰው ስላጠናው ብዙ ክር አለው። ሦስቱን ግን ጨርሶ አያውቃቸውም፤ ማንም አልጻፈባቸውም። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የተጻፈውን ብቻ ነው አልኳቸው። የኔታም ‹እኔም የማውቀው የተነገረኝን ብቻ ነው› አሉኝ። ከዚያ ነው ለእናትህ እንዳትነግራት ያሉት።»

«አንተስ ለምን እሺ አልክ?»

ዓይኑን ወደ ክቦቹ መለሰ። «ስሞቹን ለጥናቴ ፈልጌያቸው ነበር» አለ። «እንዳይቀየሙኝ ብዬ ነው። ነገ ግን ሂጂ ነው የምለው። ቀድሞም—»

«ቀድሞም አላልክም።» ክሩን ከጣቷ ፈታችው። «አሁን መናኸሪያ ሂድና ትኬት ቁረጥ። ለጋሼ ግን ማወቄን እንዳትነግራቸው። እንግዲህ እኔም ልደብቅ።»

ከሰዓት በኋላ ሱቋን ዘግታ ወደ ቤት ስትሄድ የሚያስጨንቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወንድሟ አለማወቃቸውን እያወቁ ያንን ማሰሮ ያቀርቡላት ይሆን? ካቀረቡላት ደግሞ እምቢ ማለት ትችል ይሆን? አባቷ ከሞቱ በኋላ እንደ አባት ያሳደጓት፣ የዳሯት፣ ባሏን የቀበሩላት እሳቸው ናቸው። «የትኛው ነው መድኃኒቱ?» ብላ ብትጠይቃቸው በአንድ ጊዜ ያረጃሉ። ዝም ብላ ብትጠጣ ጀማ ይዘጋል። ፊታቸውን አይቼ እወስናለሁ አለች በልቧ፤ እንደዚያ ብላ ግን ልቧን አላመነችውም።

መሪጌታ ግቢው ውስጥ፣ ጌሾው ሥር፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። ስትገባ ቀና ብለው «ምንም አልቀመስሽም?» አሏት። «ምንም» አለች። ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ መጽሐፉ ተመለሱ። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ የልጇን ሸሚዝ ቁልፍ እያጠበቀች ተመለከተቻቸው። ገጹን አልገለጡም። ያንኑ ገጽ ይዘው ሳሉ ፀሐይዋ ከጌሾው ወደ አጥሩ ዞረች፣ ከአጥሩም ወደ ጎረቤት ቆርቆሮ ወጣች። መልከ ጼዴቅ ተመልሶ መጥቶ በሩ ጋ ቆመ። እናቱን አየ፣ እሷ ዓይኗን አሸሸች።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ መሪጌታ ተነሱ። ገብተው ማሰሮውን አመጡ፣ ጨርቁን ፈቱ፣ በብርጭቆ ቀዱ። ሽታው ግቢውን ሞላው፤ ከሁሉም በላይ ጦስኙ ይሸታል። «ፊትሽን ወደ ምሥራቅ አዙሪ» አሏት። አዞረች። በስመ አብ ብለው አማተቡና ብርጭቆውን ዘረጉላት። እሷም እጇን ዘረጋች፤ ብርጭቆውን ያዘችው። እሳቸው ግን አልለቀቁትም። ሁለቱም ይዘውት ቆሙ። ፊታቸውን ለማየት ዞር ስትል እሳቸው የሚያዩት የብርጭቆውን ውስጥ ነበር፤ ቅጠሎቹ ላይ ላዩን ይንሳፈፋሉ።

«ሙሉ» አሏት።

«አቤት ጋሼ።»

«ይሄ ነገር ወንዝ ተሻግሯል። ከዘመሮ ስመጣ ገደሉን ወርጄ ወንዙን የተሻገርኩት በእጄ ይዤው ነው። አላሰብኩትም ነበር።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ረክሷል። አይሆንሽም።» ብርጭቆውን ከእጇ ወሰዱና ጌሾው ሥር ደፉት። ማሰሮውንም አምጥተው ገለበጡት።

መልከ ጼዴቅ አፉን ሊከፍት ሲል እናቱ በዓይኗ ዘጋችው። ወንድሟ በዚያ ወንዝ ከነኮሮጇቸው ስንት ክረምትና በጋ እንደተመላለሱ ታውቃለች። ወንዝ የሚከለከለው ለጠጣ ሰው እንጂ ለቅጠሉ እንዳልሆነ በልጅነቷ ያስተማሯትም ራሳቸው ናቸው። ሰው ሁሉ የሚያውቅላቸውን ሕግ ስለ እሷ ሲያፈርሱ አየች።

«ከረከሰማ ምን ይደረጋል ጋሼ» አለች። «እግዜር ያላለው ነው።»

መሪጌታ እጃቸውን ታጥበው ወደ ልጁ ዞሩ። «የሆስፒታሉ መድኃኒት ወንዝ ይሻገራል?»

«ባሕር ተሻግሮ ነው የሚመጣው የኔታ።»

እጃቸውን በጋቢያቸው አበሱ። «እንግዲያው እሱ ይሻላል» አሉ። «ትኬቱን ስንት ቆረጥክ?»

«ሁለት። ለእሷና ለእኔ።»

«ሦስተኛ ጨምር፤ እኔም እሄዳለሁ።»

«ኮሮጆዎስ?» አለች ሙሉመቤት። ከትከሻቸው ወርዶ አይታው አታውቅም።

መሪጌታ ወደ ቤት ገብተው ጠፍሩን ከአንገታቸው አወለቁና ነጠላዋን በምትሰቅልበት ምስማር ላይ ሰቀሉት። ሙሉመቤት ኮሮጆው ምስማሩ ላይ ሲወዛወዝ አየች። ቀኑን ሙሉ ሁለቱንም ስትጠረጥር ውላለች፤ ስትጠረጥር ቢያንስ የምትይዘው ነገር ነበራት። አሁን የምትጠረጥረው የለም። ያለው ሐሙስ ነው፣ ያለው ቢላው ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ በሽታዋ ከተነገራት ቀን ጀምሮ ያላለቀሰችውን አለቀሰች። ፈራሁ አለች፤ ለማን እንዳለች አልታወቀም።

ልጇ ትኬት ሊጨምር ሮጦ ወጥቷል። መሪጌታ ወልደ አማኑኤል ዘመናቸውን ሙሉ ሴት ሲያቀርብላቸው እንጂ ለሴት አቅርበው አያውቁም። ያን ምሽት መሶቡን ራሳቸው ከፈቱ፣ ሽሮውን ራሳቸው ከምድጃው አወረዱ፣ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው አፏ ድረስ አመጡላት። እጃቸው ጦስኝ ይሸታል።

«ብይ» አሏት። «ነገ መንገድ ነው።»